ስለ ጠብታ መስኖ ታሪክና ስለ ጓሮ ዱባ

(በሬዲዮ ከተሰጠው ሳምንታዊ ንግግር የተወሰደ)

በዛሬው ንግግራችን የምናወሳው ነገር ስሙን ሲሰሙት ትንሽ የሚመስል፥ ታሪኩ ግን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ወደ ኋላ የሚዘልቅ፥ ጥቅሙም ከቤታችን ጓሮ አንሥቶ እስከ ሰፊው የእርሻ መሬት ድረስ የሚደርስ ነው። ይኸውም ውሃን በጠብታ ለክቶ ለተክል ሥር የማድረስ ጥበብ፥ በዛሬው አጠራር የጠብታ መስኖ የሚባለው ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ይህን ነገር እንድመረምር ያስገደደኝን ምክንያት ባጭሩ ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በበጋው ወራት በቤቴ ጓሮ ስድስት እግር ዱባ ተክዬ ነበር። በሠፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለ ሆነ በበርሜል እናጠራቅማለን። እኔም ማታ ከመሥሪያ ቤት ስመለስ ውሃውን ከበርሜሉ በጎማ እየሳብሁ መደቡን አጥለቀልቀው ነበር። ዱባው ቅጠሉ ሰፋ፥ ሐረጉም ረዘመ፤ ፍሬ ያዘ ሲባል ግን ፍሬው በጭቃ ላይ እየተኛ ይበሰብስ ጀመር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ የልጆቹን ልብስ ልታጥብ ብትነሣ በርሜሉን ባዶ ሆኖ አገኘችው። የሚቀጥለው ፈረቃ ገና ሦስት ቀን ይቀረው ነበር። እርስዋም አንድ ቃል ሳትናገር ሁለት ጀሪካን አንሥታ ወደ ጎረቤት ሄደች። ከአጥር ወዲያ የቆሙት ባልቴት ጎረቤታችን ግን ዝም አላሉም፤ «ልጄ፥ አንተ የምታጠጣው ዱባውን ነው ወይስ መንገዱን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ዘወር ብዬ ብመለከት፥ እውነትም ማታ ያፈሰስሁት ውሃ ከመደቡ ወጥቶ፥ በአጥሩ ሥር አልፎ፥ መንገዱን ጭቃ አድርጎት ኖሯል።

ይህን ጥያቄ ከዚያ ቀን በኋላ ከአእምሮዬ ላወጣው አልቻልሁም። መጻሕፍትን እያገላበጥሁ ስመረምርም ያው ጥያቄ በልዩ ልዩ ዘመንና በልዩ ልዩ አገር የነበሩ ሰዎችን ሲያስጨንቅ የኖረ መሆኑን ተረዳሁ። ውሃው ወዴት ይሄዳል? ለተክሉ ነው ወይስ ለመንገዱ? የጠብታ መስኖ ታሪክ ማለት ለዚህ ጥያቄ የተሰጡት መልሶች ታሪክ ነው።

በመጀመሪያ የዱባን ትውልድ እንመልከት። አባቶቻችን «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ሲሉ የተናገሩት ቃል በታሪክም በኩል እውነት ሆኖ ይገኛል። ወተት የምንንጥበትና ውሃ የምንጠልቅበት ቅል የአፍሪካ ተወላጅ ነው፤ ዱባ ግን የአሜሪካ ተክል ነው። በሜክሲኮ አገር፥ በኦሃካ ግዛት፥ ጊላ ናኪትስ ከሚባለው ዋሻ የተገኘው የዱባ ዘር ወደ 10,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ እንዳለው በ1997 የታተመ ጥናት አስታውቋል። የዚያ አገር ነባር ሕዝቦች ዱባን ከበቆሎና ከቦሎቄ ጋር በአንድ ማሳ ይዘሩት ነበር። በቆሎው ለቦሎቄው ምሰሶ ይሆነዋል፤ ዱባውም ሰፊ ቅጠሉን በምድር ላይ ዘርግቶ ፀሐይ የአፈሩን እርጥበት እንዳትወስደው ይከላከላል። እንግዲህ ዱባ ራሱ፥ ሰው ሥራውን ቢያውቅለት፥ ውሃ ቆጣቢ ተክል ነው ማለት ነው።

ይህ ተክል ወደ ቀድሞው ዓለም የተሻገረው ኮሎምቦስ በ1492 ወደ አሜሪካ ከተጓዘ በኋላ ነው። የሚያስደንቀው ግን ስሙ ነው። «ዱባ» የሚለው ቃላችን የሚዛመደው የዐረብኛ ቃል፥ የአሜሪካው ተክል ገና ሳይታወቅ፥ የቅል ስም ሆኖ ያገለግል ነበር። አዲሱ እንግዳ ሲመጣ የዘመዱን ስም ወረሰ። ስለዚህ ዱባና ቅል በአበቃቀል ቢለያዩም በስም በኩል አንድ ጊዜ ተገናኝተዋል።

አሁን ወደ ውሃው ነገር እንመለስ። ውሃን ለተክል ሥር በልክ ስለ ማድረስ ከተጻፉት ጥንታውያን ምክሮች አንዱ የተገኘው በቻይና አገር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን፥ በሃን ነገሥታት ዘመን የነበረ ፋን ሼንግዢ የሚባል የእርሻ ሊቅ ለገበሬዎች የሚሆን መጽሐፍ ጽፎ ነበር። መጽሐፉ ራሱ ጠፍቷል፤ ነገር ግን በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተነሣ ሌላ የእርሻ ደራሲ ብዙ ክፍሎቹን በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ጠቀሳቸው እስከ ዘመናችን ሊደርሱ ችለዋል።

ከእነዚህም ክፍሎች አንዱ የሚናገረው ስለ ዱባ ዘመዶች አተካከል ነው። ምክሩም እንደሚከተለው ነው። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ጕድጓድ ተቆፍሮ አፈሩ ከፍግ ጋር ይደባለቃል። በጕድጓዱ መካከል አንድ የሸክላ ማሰሮ አፉ ከምድር ጋር ትክክል እስኪሆን ድረስ ይቀበራል። ማሰሮው በውሃ ይሞላል፤ በዙሪያውም አራት ዘር ይተከላል፤ አፉም በሸክላ ክዳን ይሸፈናል። ውሃው በጐደለ ቍጥር ማሰሮውን መሙላት እንጂ ሌላ ሥራ የለም።

የዚህ ነገር ምሥጢር ምንድን ነው? እናቶቻችን በእንስራ የሚቀመጥ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ያውቃሉ፤ «እንስራው ስለሚያልበው ነው» ይላሉ። የሸክላ ገላ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውጭ ይወጣል፤ በነፋስም እየተነነ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። ያው እንስራ በምድር ውስጥ ሲቀበር ደግሞ ላቡን የሚጠጣው ነፋስ ሳይሆን አፈሩ ነው። አፈሩ ሲደርቅ ውሃውን አጥብቆ ይስበዋል፤ ሲረካ መሳቡን ይቀንሳል። እንግዲህ ያ የሸክላ ዕቃ ያለ ጠባቂና ያለ ሰዓት፥ ተክሉ ሲጠማ የሚሰጥ፥ ሲጠግብ የሚከለክል አስተዋይ መጋቢ ሆኖ ይሠራል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ማሰሮ እየቀበሩና እየሞሉ አንድ ጓሮ ማልማት ቢቻልም፥ ሰፊ እርሻ ማልማት አይቻልም። ስለዚህ በኋለኛው ዘመን የተነሡ ሰዎች ማሰሮውን ወደ ቧንቧ ለመለወጥ ሞከሩ። በ1860ዎቹ በጀርመን አገር የሸክላ ቧንቧዎች በምድር ውስጥ እየተዘረጉ ለመስኖም ለማንጣፈፊያም እንዲያገለግሉ ተሞከረ። በ1913 ደግሞ በአሜሪካ፥ በኮሎራዶ የእርሻ ኮሌጅ፥ ሀውስ የተባሉ መምህር ውሃን በቀጥታ ወደ ሥር የማድረስን ነገር መረመሩ። የደረሱበትም ውጤት ሐሳቡ ትክክል እንደ ሆነ፥ ነገር ግን የቧንቧው ዋጋ ገበሬው የማይችለው መሆኑን የሚያመለክት ነበር። ከ1920 ገደማ ጀምሮ በጀርመን ቀዳዳ ያላቸው ቧንቧዎች ተሠርተው ተፈትነዋል፤ የዋጋው መሰናክል ግን አልተወገደም።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በዚያን ጊዜ የጐደለው ዕውቀት አልነበረም። የጐደለው ርካሽ፥ የማይዝግና እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ቧንቧ ነበር።

እርሱም የተገኘው ማንም ሰው ስለ መስኖ ባላሰበበት ቦታ ነው። በመጋቢት ወር 1933 በእንግሊዝ አገር፥ በዊኒንግተን በሚገኘው የአይ ሲ አይ ኩባንያ ቤተ ሙከራ፥ ጊብሰንና ፋውሴት የሚባሉ ሁለት ኬሚስቶች ኤቲሊን የተባለውን ጋዝ በከፍተኛ ግፊት ከሌላ ነገር ጋር ለማዋሐድ ሲሞክሩ፥ ያልጠበቁት ሰም የመሰለ ነጭ ነገር በዕቃው ውስጥ አገኙ። ይህም ዛሬ ፖሊኤቲሊን የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ፋብሪካው በ1939 ሥራ ሲጀምር የዓለም ጦርነት ስለ ተነሣ፥ ፕላስቲኩ መጀመሪያ ያገለገለው ለራዳር መሣሪያ ሽቦዎች መሸፈኛ ነው። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ግን ለሰላም ሥራ፥ ከዚያም ውስጥ ለውሃ ቧንቧ፥ በርካሽ ይሠራ ጀመር።

ይህን አዲስ ቧንቧ ከጥንቱ ሐሳብ ጋር በማገናኘት ስማቸው ከሁሉ ይልቅ የሚጠራው ኢንጂኔር ሲምሐ ብላስ ናቸው። በ1897 በፖላንድ፥ በዋርሶ ከተማ ተወልደው በ1930 ወደ ፍልስጥኤም ምድር ገቡ፤ በዚያም በውሃ ሥራ መሐንዲስነት የታወቁ ሰው ሆኑ። እርሳቸው ራሳቸው እንደ ተረኩት፥ በ1930ዎቹ አንድ ቀን በአጥር አጠገብ ከተተከሉት ዛፎች አንዱ ከጓደኞቹ ሁሉ በልጦ ገዝፎ አዩ። ነገሩ ቢያስገርማቸው ሥሩን ቢመረምሩ፥ በአጠገቡ ያለፈው የውሃ ቧንቧ መጋጠሚያው ላልቶ ጠብ ጠብ ሲል አገኙት። ከምድር በላይ የሚታየው እርጥበት ጥቂት ክብ ብቻ ነበር። ከምድር በታች ግን እንደ ሽንኩርት እየሰፋ ወርዶ ሥሩን ሁሉ አርክቶታል።

ኢንጂኔሩ ይህን ነገር በልባቸው ይዘው ከሃያ ዓመት በላይ ቆዩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ፥ ፕላስቲክ እንደ ልብ ሲገኝ፥ ከልጃቸው ጋር ሥራውን ጀመሩ። ዋናው ችግር ይህ ነበር፤ ውሃ በጠብታ እንዲወጣ ቀዳዳው ጠባብ መሆን አለበት፤ ጠባብ ቀዳዳ ግን በአሸዋና በዝቃጭ ይደፈናል። እርሳቸው ያገኙት መፍትሔ ቀዳዳውን ማጥበብ ሳይሆን መንገዱን ማርዘም ነው። ውሃው በረጅምና በተጠማዘዘ መተላለፊያ ውስጥ እንዲያልፍ ቢደረግ፥ ከግድግዳው ጋር እየተፋተገ ኀይሉን ያጣና መጨረሻ ላይ ጠብ ብቻ ይላል። መተላለፊያው ሰፋ ያለ በመሆኑም በቶሎ አይደፈንም። በ1965 ከኔጌቭ በረሓ ከሚገኘው፥ በ1946 ከተቋቋመው ከሐጼሪም የኅብረት እርሻ መንደር ጋር ውል ተዋውለው ኔታፊም የሚባል ኩባንያ ተመሠረተ። የኩባንያው ስም በዕብራይስጥ «ጠብታዎች» ማለት ሲሆን፥ በግዕዝ «ነጠበ» ከምንለው ቃል ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ኢንጂኔር ብላስ በ1982 ዐረፉ።

ከዚያ ወዲህ ጥበቡ በዓለም ሁሉ ተሠራጨ። ውሃን በጥቂቱና በየጊዜው የመስጠትን ሳይንስ በማስፋፋት ከደከሙት ሊቃውንት አንዱ ዳንኤል ሂሌል በ2012 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ለድኻ ገበሬና ለጓሮ ባለቤት ግን ይልቁን የሚጠቅመው የአሜሪካዊው የሪቻርድ ቻፒን ሐሳብ ነው። በኒው ዮርክ ግዛት የዋተርታውን ከተማ ሰው የነበሩት ቻፒን በ1970ዎቹ ወደ ሴኔጋል ተጉዘው ችግሩን ካዩ በኋላ፥ ያለ ሞተርና ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ የባልዲ መስኖ አዘጋጁ። አንድ ባልዲ ከምድር አንድ ሜትር ያህል ከፍ ተደርጎ ይሰቀላል፤ ከእርሱም ቀጫጭን የጠብታ መስመሮች ወደ መደቡ ይወርዳሉ። የማሰሮው ሐሳብ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ተመልሶ ወደ ጓሮ ገባ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ሰምተን «መሣሪያው ከተገዛ ውሃው ተቆጠበ» ብለን እንዳንሳሳት ያስፈልጋል። በሚገባ የተዘረጋ የጠብታ መስኖ ከሚሰጠው ውሃ እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ለሥሩ ሊያደርስ ይችላል። ነገር ግን በብዙ አገሮች እንደ ታየው፥ ገበሬው በቆጠበው ውሃ ሌላ መሬት ስለሚያለማበት ከወንዙና ከጕድጓዱ የሚወጣው ውሃ ሳይቀንስ ቀርቷል። መሣሪያው ውሃን ለማዳረስ ይረዳል እንጂ በቃኝ ማለትን አያስተምርም። በአንድ ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። በርሜሉ የጋራ ከሆነ፥ ከርሱ ለዱባ የሚቀዳው ስንት እንደ ሆነ አስቀድሞ በቤተ ሰብ መካከል መወሰን አለበት። እኔ ይህን ሳላደርግ ስለ ቀረሁ የልጆቼን የልብስ ማጠቢያ ውሃ ለመንገዱ አጠጣሁት።

ስለዚህ በጓሮው ዱባ ለመትከል የሚያስብ ሰው እንደሚከተለው ቢያደርግ ይጠቀማል።

አንደኛ፥ መደቡን በደንብ ቆፍሮ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ያደባልቀው። ዱባ ሐረጉ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ ከአንዱ እግር እስከ ሌላው ቢያንስ አንድ ሜትር ይተው።

ሁለተኛ፥ ሃያ ሊትር የሚይዝ ባልዲ ወይም ጀሪካን በጠንካራ መደርደሪያ ላይ፥ ከምድር አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ያስቀምጥ። ከፍታው በጨመረ መጠን የውሃው ግፊት ይጨምራል። ሆኖም ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ መሆኑን አስቦ መደርደሪያውን ልጅ እንዳይጥለው አድርጎ ይሥራው።

ሦስተኛ፥ ውሃው ወደ ባልዲው ሲገባ በንጹሕ ጨርቅ ይጣራ። የጠብታ መስመር ዋና ጠላቱ ዝቃጭ ነው። የመስመሩም መጨረሻ ታጥፎ የሚታሰር ይሁን፤ አልፎ አልፎ ተፈትቶ ውስጡ እንዲታጠብ ያስፈልጋልና።

አራተኛ፥ ጠብታው ከእያንዳንዱ እግር አጠገብ መውደቁን ያረጋግጥ። ከአንዱ ማንጠብጠቢያ በታች ባዶ ጣሳ አስቀምጦ በሰዓት ስንት ውሃ እንደሚሰጥ ይለካ። በዕቃው ላይ የተጻፈው ልክ ለከፍተኛ ግፊት የተወሰነ በመሆኑ በባልዲ ከፍታ የሚገኘው ከዚያ ያነሰ ነው።

አምስተኛ፥ ውሃው የበቃ መሆኑን ለማወቅ የአፈሩን ገጽ አይመልከት። በጠብታ መስኖ ገጹ ደረቅ መስሎ ይታያል። ስንዝር ያህል ቆፍሮ ውስጡን በእጁ ይዳስስ፤ አፈሩ ሲጨበጥ የሚያያዝ፥ ውሃ ግን የማይንጠባጠብበት ከሆነ በቂ ነው። ቅጠሉና ፍሬው ሳይረጥቡ ሥሩ ብቻ ስለሚጠጣ አንዳንድ የሻጋታ በሽታዎች ይቀንሳሉ። ፍሬው ሲያድግም ከሥሩ ገለባ ቢነጠፍለት ከመበስበስ ይድናል።

መስመሩን ለመግዛት አቅም ያልፈቀደለት ሰው ደግሞ የፋን ሼንግዢን ምክር ይከተል። አንገቱ የተሸረፈ፥ ገላው ግን ያልተሰነጠቀ እንስራ በየቤቱ አይጠፋም። ያልተሟሸና ቅባት ያልነካው መሆን አለበት፤ የተሟሸ ዕቃ ቀዳዳዎቹ ስለ ተደፈኑ አያልበውምና። አፉን መክደንም አይዘንጋ፤ ክዳኑ ውሃው እንዳይተን፥ ትንኝም እንዳይራባበት፥ ሕፃናትም እንዳይጎዱበት ይጠብቃል። በበጋ ዘወትር በጠብታ የሚጠጣ መሬት በእርጥበቱ ዳርቻ ጨው ሊያጠራቅም ይችላል፤ በአገራችን ግን የክረምቱ ዝናም በሚበዛበት ቦታ ያንን አጥቦ ይወስደዋል።

እኔም ባለፈው በጋ ለሦስት እግር የባልዲ መስመር፥ ለሦስት እግር ደግሞ የተቀበረ እንስራ አድርጌ ሞከርሁ። ሥራዬ ያለ ጕድለት አልነበረም፤ ማጣሪያውን ጨርቅ ሁለት ሳምንት ሳላጥበው ስለ ቆየሁ አንደኛው ማንጠብጠቢያ ተደፍኖ አንዱ እግር ደረቀብኝ። በእንስራው አጠገብ ያሉት ግን ሦስቱም ደኅና ሆኑ። ለዱባው በሳምንት የሚቀዳውን ውሃ የወሰነችው ባለቤቴ ናት፤ እርስዋ ከወሰነችው በላይ አንድ ጣሳ እንኳ አልቀዳሁም። በርሜሉም ከፈረቃ እስከ ፈረቃ ደረሰ።

ከፍሬው የመጀመሪያውን ለባልቴት ጎረቤታችን ወሰድሁላቸው። እርሳቸውም ተቀብለው መረቁኝ፤ ቀጥሎም ከደጃቸው ወጥተው መንገዱን ተመለከቱና፥ «ደርቋል» አሉ። ክቡራን አንባቢዎች፤ ጓሮ ያላችሁ ሁሉ ዱባችሁን ካጠጣችሁ በኋላ መጀመሪያ የምትመለከቱት መንገዱን ይሁን።